የወይዘሮ ድንቅነሽ ሰላምታ

መቱ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም ፈትለወርቅ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከመቱ ዝናብ በቀር ምንም አልሆንኩም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖት ገና አሁን መልስ መጻፌን ይቅር በይኝ፤ ጥፋቱ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የመንገዱ ጭቃ ነው።

ወደ ጠየቅሽኝ ነገር ልግባ። አዎ፣ ኮምፒዩተሩ በሰላም ደርሷል። ሳጥኑን ስንከፍት የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ጓድ ወልደሰንበት ወንበር አስመጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡና ዜናው ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቁኝ። ቴሌቪዥን አለመሆኑን ሳስረዳቸው ቅር ቢላቸውም ከወንበሩ አልተነሡም። የለገሰን ድርጅት የላከው የቡና ችግኝ ቁጥር እንዲመዘገብበት ነበር፤ እሳቸው ግን «ቁጥር በእጅም ይጻፋል፤ ይህ ደብዳቤ ይጻፍበት» ብለው ወሰኑ። የደብዳቤ መጻፊያ ፕሮግራም አብሮት እንዳልመጣ ብነግራቸው «ታዲያ አንተ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሠለጠንከው ምን ለመሥራት ነው?» አሉኝ። ስለዚህ አንቺ ባስተማርሽኝ በዚያች ቤዚክ በምትባል ቋንቋ እኔው ልሠራው ነው።

ነጥብ በነጥብ ሥለሽ በዲስኬት የላክሽልኝ የአማርኛ ፊደል ይሠራል። «ደ»ን ተጭኜ ስድስት ስጨምርበት «ድ» ይሆናል፤ ግእዝ አንድ፣ ካዕብ ሁለት እያለ እስከ ሰባት። መጀመሪያ «ሀ» ብቅ ስትል የጽሕፈት መኪና ጸሐፊያችን ዱሬቲ መጥታ አየቻትና «ለእሷ ነው ይህ ሁሉ ሽቦ?» አለችኝ።

በቤት በኩል፣ የእድራችን አባል የነበሩትን የአቶ ወልደ የሱስን አርባ ባለፈው እሑድ አወጣን። ነፍሳቸውን ይማር፤ እንደምታውቂው ሰላምታ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ቀባሪያቸው ግን ብዙ ነበር። እናትሽ፣ አክስቴ እትዬ ድንቅነሽ፣ ደህና ናቸው። እኔም ያው በጓሯቸው ክፍል ነኝ።

«እማዬ ስሜን ትጠራለች ወይ?» ላልሽኝ፣ አይጠሩም። ባለፈው ሳምንት ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ጥሩነሽ ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ «የቡሬው ነጋዴ የላካቸው ሽማግሌዎች በፊት በር ሲገቡ ያቺ በጓሮ በር ወጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች። ታዲያ እኔ በጉን ለማን አረድኩት?» ይላሉ። በጉ ከታረደ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲያወሩት ግን ትናንት ይመስላል። ሰላምም አላሉሽም። ያላሉትን ብለዋል ብዬ አልጽፍልሽም፤ «በዚህ ከዋሸኸኝ አልምርህም» ያልሽኝን አልረሳሁም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ሲመጣ የማን ነው ብለው አይጠይቁም። «ወፍራም ነው ቀጭን?» ነው የሚሉኝ።

አክባሪ ወንድምሽ
ሙሉብርሃን


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1980 ዓ.ም.

ሙሌ፣

ሰላም። ይኸው ሰላምታዬ አለቀ፤ አንተም ልመድ።

ማሽንህ ትንሽ ናት። ፊደሉ የመያዝ አቅሟን ግማሹን በልቶታል። በቀረው ላይ ፕሮግራሙ ሲጨመር ለጽሑፍ የሚተርፍህ ሃያ መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ አምስት ትእዛዝ ስጣት፤ ጻፍ፣ አርም፣ ሰርዝ፣ አሳይ፣ አትም። ስድስተኛ እንዳትጨምር። ጎጆ የሚሠራ ሰው በመጋረጃ አይጀምርም።

ለጥያቄዎችህ መልስ። በስክሪኑ ዙሪያ ሐረግ መሣል አይቻልም። የጓድ ወልደሰንበት ስም ሲጻፍ ብልጭ ድርግም እንዲል ማድረግም አይቻልም፤ ቢቻልም አታድርገው። አዎ፣ መብራት ሲሄድ የጻፍከው ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ በየአምስት መስመሩ ዲስኬት ላይ ያስቀምጥ።

እማዬ ወፍራም ነው ቀጭን ካለችህ ወፍራም ነው በላት። ረጅም ደብዳቤ መጻፍ እንደማልችልበት ታውቃለህ፤ ሁለት ባዶ ወረቀት አብሬ አጥፌበታለሁ።

ፈትለወርቅ


መቱ፣ ኅዳር 21 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም ፈትለወርቅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። በአንድ ቃል ሰላም ለማለት ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሠራ! አምስቱም ይሠራሉ። ማክሰኞ ዕለት ጓድ ወልደሰንበት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሰጥተው ከዱሬቲ ጋር አወዳደሩኝ። እሷ ጽፋ ጨርሳ፣ ካርቦኑን አውጥታ፣ ሻይዋን ጠጥታ ስትመለስ እኔ «ጉዳዩ» የሚለው ላይ ነበርኩ። አሥራ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ደግሞ መብራት ሄደ። ዱሬቲ «ማል ጎና፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል!» ብላ በሳቅ ወንበሯ ላይ ተዘረረች። መብራት ሲመለስ ግን አሥሩ መስመር ዲስኬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። የተሳሳተውንም ቃል ሳልፍቅ፣ ሳልደልዝ አርሜ ሳሳያት ሳቋን ትታ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

አሁን ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አለ። ስድስተኛ ትእዛዝ ጨምሬአለሁ። አትቆጪ፣ ምክንያቴን ስሚ። የጓድ ወልደሰንበት ደብዳቤ ሰላምታው ሲነሣለት የሚቀረው «ችግኝ ይላክልን» ብቻ ነው። ያንን ሁሉ በአንድ ጣት ከመልቀም ብዬ «ሰላምታ» የሚል ቁልፍ አበጀሁ። ሲጫኑት ፕሮግራሙ ከስም ዝርዝር ያነብና በየስሙ አንድ መስመር ሰላምታ ያወርዳል። ለሙከራ የሚሆን ስም ሳጣ የእድራችንን መዝገብ ከእትዬ ድንቅነሽ መደርደሪያ አንሥቼ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስሞች አስገባሁ። ለቢሮ ደብዳቤ ሲሆን የኃላፊዎችን ስም እተካበታለሁ።

በማሽን የተጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ለአንቺ ይሁን ብዬ አትሜ አብሬ አያይዤዋለሁ። ያተምኩትን መልሼ ለማንበብ ጊዜ የለኝም፤ ችግኝ ልንቆጥር ወደ ሶር የሚወስደን መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ፖስታውን ሳላሽግ ክፍሌ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው እሄዳለሁ፤ ነገ ስመለስ አሽጌ ለአውቶቡስ ሾፌሩ እሰጠዋለሁ።

ወንድምሽ ሙሉብርሃን

(አብሮ የተያያዘ፣ በማሽን የታተመ)

ለውድ እህቴ ለፈትለወርቅ
ይህ ደብዳቤ በማሽን የተጻፈ ነው።
ደህና ነኝ። ዝናቡ አላቆመም።
ወይዘሮ ድንቅነሽ በጣም ሰላም ብለውሻል።
አቶ ገብረ መስቀል በጣም ሰላም ብለውሻል።
አቶ ወልደ የሱስ በጣም ሰላም ብለውሻል።
ወይዘሮ ጥሩነሽ በጣም ሰላም ብለውሻል።
ወይዘሮ ተሻለች በጣም ሰላም ብለውሻል።
ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ሙሌዬ፣ የእኔ ወንድም፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ዝናቡስ? ጓድ ወልደሰንበት፣ ዱሬቲ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ናቸው? እየው፣ እኔም ሰላምታ እችልበታለሁ።

የታተመውን ወረቀት ቢሮ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ አላነበብኩም፤ ባልደረቦቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነጠላ ሊያዘቀዝቁ ነበር። እማዬ ሰላም አለችኝ! ደግሞ «በጣም» ብላለች? እሷው ራሷ «በጣም» አለች ወይስ አንተ ነህ የጨመርከው? ቢሆንም ግድ የለኝም።

ለፋሲካ እንድመጣ ዛሬውኑ ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ወይን ጠጅ ሹራብ ገዝቼ፣ «ለእማዬ፣ ፈትለ በጣም ሰላም ብላሻለች» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጽፌ፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ። ስድስተኛ ትእዛዝህን ምሬልሃለሁ። ሰባተኛም ብትጨምር አልቆጣህ።

በማግስቱ።

ሙሌ፣ ዛሬ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አቶ ወልደ የሱስ በጣም ሰላም ብለውኛል። በጥቅምት አርባቸውን አውጥተናል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር።

ሙት የሚያስነሣ ፕሮግራም ከጻፍክ እናቴን ከእኔ ማስታረቅ ምን ያቅተዋል? የዝርዝሩን ነገር ጽፈህልኝ ነበር፤ በደስታ አላስተዋልኩትም። አሁን አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። እማዬ አለች ወይስ አላለችም?

ፈትለወርቅ


መቱ፣ ጥር 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ እጅግ ለማከብርሽና ለምወድሽ ለእታለም ፈትለወርቅ፣

ከተለየሁሽ ጀምሮ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? የአዲስ አበባ ብርድስ? እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ለሁለት ቀን አቁሞ ነበር፤ ተመልሷል። ዱሬቲ አሁን በማሽኑ ከእኔ ይልቅ ትፈጥናለች፤ «ሰርዝ» የሚለውን ትእዛዝ ወዳዋለች። የጽሕፈት ቤታችን አጥርም ታድሷል።

ደግሞ አንድ ጉድ ደርሶብናል። ጓድ ወልደሰንበት ለበላይ መሥሪያ ቤት ችግኝ የሚጠይቅ ደብዳቤ በማሽኑ አጻፉኝ። የሰላምታውን ቁልፍ ተጫንኩ። የኃላፊዎቹን ስም መተካት ግን ረስቼ ነበር። እሳቸውም ሰላምታ ያው ሰላምታ ነው ብለው ሳያነቡ ፈረሙ። የመጣልን መልስ ቃል በቃል ይኸው፤ «ለጽሕፈት ቤታችን በጣም ሰላም ብለውሻል ከተባሉት አምስት ሰዎች የመጀመሪያዋ የወይዘሮ ድንቅነሽ ማንነት፣ የሥራ ድርሻና ሰላምታውን ያቀረቡበት ምክንያት በአስቸኳይ ተጣርቶ ይገለጽልን። የደብዳቤው ተቀባይ ጓድ ወንድ መሆናቸውም ይታወቅ።» ጓድ ወልደሰንበት ሁለት ቀን ምግብ አልበሉም። አጣሪ ሊመጣብን ነው።

አጥሩ ታድሷል ብዬሻለሁ መሰለኝ።

እሺ እታለም። አላሉም። ጥፋቱ የፕሮግራሙ መስመር ሦስት መቶ አርባ ላይ ነው። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብብ ብዬ አዘዝኩ እንጂ ማን አለ፣ ማን አላለ፣ ማን በሕይወት አለ ብሎ እንዲጠይቅ አላደረግሁትም። ከሶር ስመለስ ፖስታውን ታሽጎ አገኘሁት፤ እትዬ ድንቅነሽ ጠረጴዛዬን ሲወለውሉ ወረቀቱ እንዳይበተን ብለው ያሸጉልኝ መሰለኝና ወስጄ ለሾፌሩ ሰጠሁ። አንዴ እንኳ ከፍቼ አላየሁትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፈሰስኩ፣ መልቀሙን ግን አላወቅሁበትም። ስድስት ዓመት ሳልዋሽሽ ቆይቼ ማሽን አስዋሸኝ።

ሹራቡ ደርሷል። እትዬ ድንቅነሽ የጻፍሽበትን ወረቀት አገላብጠው አዩት። እንደምታውቂው በመሠረተ ትምህርት የተማሩት የመጽሐፍ ፊደል ነው፤ የእጅ ጽሑፍ «የዶሮ ጭረት ነው» ብለው አያነቡም። አነበብኩላቸው። ሹራቡን ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀሉት፤ እስካሁን እዚያው ነው።

ይቅርታሽን የሚለምን
ሙሉብርሃን


አዲስ አበባ፣ ጥር 17 ቀን 1980 ዓ.ም.

ሙሌ፣

ሰላም።

መስመር 340ን ሰርዝ። በእሱ ፋንታ ከስሙ ቀጥሎ አንድ ምልክት ይኑር፤ ሰላም ላለ አንድ፣ ላላለ ዜሮ። ዜሮ የሆነውን ይዝለለው። ስድስተኛ ትእዛዝ አትጨምር ብዬህ ነበር፤ ሌላ የምልህ የለም።

የፋሲካ ፈቃዴን መልሼአለሁ። ለእማዬ ምንም እንዳትነግራት። ባላለችው ነገር መመስገኗ ቢያናድዳት አይፈረድባትም።

ስሟ የሌለበትን ደብዳቤ ማንበብ ለምጄው ነበር፣ ሙሌ። ስድስት ዓመት ለምጄው ነበር። አሁን እንደገና ከሀሁ መጀመሬ ነው።

ባዶ ወረቀት አላጠፍኩበትም። ቀጭን ነው በላት።

ፈትለወርቅ


መቱ፣ የካቲት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታውን ይቅር በይኝ፣ ጊዜ የለኝም፤ ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል።

አጣሪው ጓድ ትናንት መጡ። ጓድ ወልደሰንበት ወይዘሮ ድንቅነሽ በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ በማኅተም ጠርተዋቸው ነበር። እኔ ከቤት እስከ ቢሮ ድረስ ምን ብዬ እንደማስመልጣቸው ሳስብ፣ እሳቸው የእድሩን መዝገብ በብብታቸው ይዘው ቀድመውኝ ደረሱ። ነጠላቸውን ሲገልጡ ከሥሩ ሹራብሽን ለብሰዋል።

«ወይዘሮ ድንቅነሽ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» አሏቸው አጣሪው ጓድ።

«መዝገቡ እንዲያ ይላል።»

«ለመሥሪያ ቤታችን ሰላምታ ልከዋል?»

«ለእርስዎ? አላውቅዎትም እኮ! ለማላውቀው ሰው ምን ብዬ?»

ጓድ ወልደሰንበት ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ጥፋቴን ልናዘዝ ብድግ ስል እትዬ ድንቅነሽ በመዝገቡ ጫፍ ጉልበቴን መታ አድርገው አስቀመጡኝ።

«ለልጄ ግን ብያለሁ» አሉ።

ጓድ ወልደሰንበት ዓይናቸውን ገለጡ። እኔም መስማቴን ተጠራጠርኩ። እሳቸው ቀጠሉ፤ «ይህ ልጅ ሶር ሄዶ ጠረጴዛውን ስወለውል ወረቀት አገኘሁ። የእጅ ጽሑፍ አላነብም፤ ይኸኛው ግን እንደ መጽሐፍ የታተመ ነው። አነበብኩት። ስሜን ሳየው ልቀድደው ነበር። ሳልል አለች ብሎ ጽፎብኛላ! ዝቅ ስል ደግሞ ወልደ የሱስን አየሁ። ያ በሕይወቱ ለሰው እግዜር ይስጥልኝ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ሞቶ እንኳ ልጄን በጣም ሰላም ብሏታል። ታዲያ እኔ በሕይወት ያለሁት ምን አንቆኝ ነው? አልኩና በምላሴ አርጥቤ አሸግሁት። እንግዲህ ያሸገ ሰው ብሏል ነው። አይደለም ወይ?»

አጣሪው ጓድ ብዕራቸውን አነሡ። በኋላ የጻፉትን ዱሬቲ አይታዋለች፤ «ሰላምታው ከባለቤቷ በፈቃደኝነት የተሰጠ መሆኑ ተጣርቶ ተረጋግጧል» ይላል። በማኅተም ነው፣ እታለም። እኔን ባታምኚ ማኅተሙን እመኚ።

አላበቃም። እትዬ ድንቅነሽ ማሽኑን አዩና «በዚህ የሚጻፈው እሷ ዘንድ ይደርሳል? እንግዲያው ልጻፍበት፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አለኝ» አሉ። አጣሪው ጓድ ሰፊው ሕዝብ በማሽኑ ሲጠቀም በዓይናቸው ማየታቸውን ለሪፖርት ፈለጉትና ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። እትዬ ድንቅነሽ አንዷን ፊደል ለማግኘት ቤቷን ከግእዝ እስከ ሳድስ በጣታቸው እየቆጠሩ «ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ» ይላሉ። መጀመሪያ ዱሬቲ አብራ ማለት ጀመረች፣ ከዚያ ጓድ ወልደሰንበት፣ በመጨረሻ አጣሪው ጓድ ራሳቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ ፊደል ስንቆጥር ቆየን። መብራቱም አልሄደም። እኔ ማተሚያውን የማስተካክል መስዬ ዞሬ አለቀስኩ።

ሲጨርሱ «የሰላምታውን ቁልፍ ልጫንልዎት?» ብላቸው «ሰላምታዬን ብያለሁ፣ ስንቴ ልበል?» ብለው ተቆጡኝ። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸውም «አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ማንም አልጠየቃቸውም።

ፈቃድሽን መመለስሽን አልነገርኳቸውም። እንደገና ጠይቂ።

ሙሉብርሃን

(አብሮ የተያያዘ፣ በማሽን የታተመ)

ፈትለ
እኔ ነኝ። በራሴ ጣት ነው።
ሹራቡ እጁ አጭር ነው። ግን ይሞቃል።
የቡሬው ሰውዬ አግብቶ አራት ወልዷል።
ባዶውን ወረቀት አይቼዋለሁ። ጻፊበት።
ለፋሲካ ነይ።
በፊት በር ግቢ።